የዋርሳዬ ጉበትና አሥራ አራቱ ክኒኖች

ዋርሳዬ፣ የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ ከሰቆጣ በታች ባለው ዝቋላ ወረዳ ውስጥ፣ ተከዜን ቁልቁል በሚያይ የቆላ ደብር ቄስ ናቸው። ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ለአራተኛ ጊዜ ወባ ይዟቸው ሰቆጣ ቤታችን መጡ። በር አላንኳኩም፤ ማንኳኳትም አላስፈለጋቸው። የጥርሳቸው መንቀጫቀጭ ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር። አጋነንህ የሚለኝ ካለ ጎረቤቴን ይጠይቅ፤ አዲስ ወፍጮ የተከፈተ መስሏት አንድ ቁና ማሽላ ይዛ ወጥታለች።

አስተኛናቸው። ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ጋቢ፣ የኔን ካፖርት ደረብንባቸው፤ በመጨረሻ ሚስቴ የሳሎኑን ምንጣፍ ጨመረች። አልጋው ከነምንጣፉ ከግድግዳው እየራቀ ወደ በሩ ተጓዘ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ያን ሁሉ ልብስ ወርውረው፣ ፊታቸው እንደ ፍም ቀልቶ፣ «ውኃ! ውኃ!» አሉ። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ደጋና ቆላ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ አልጋ ላይ ሲፈራረቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይሄ ነገር መቼ ነው የሚለቅዎት፣ አባ?» አልኋቸው።

«እሱን ጠይቀው» አሉኝ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ። «እኔንማ አያማክረኝም።»

ወባው የጀመራቸው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። እዚሁ ሰቆጣ ታክመው በሦስተኛው ቀን ተነሡ፤ እንደ ሙሽራ ሸኘናቸው። ጥር ላይ ተመለሰባቸው። ዳኑ። ሚያዝያ ላይ፣ ያውም ለፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀር፣ እንደገና ጣላቸው።

ይህ በኔ ቢደርስ ምንም አልነበር፤ እኔ ስታመም ተማሪዎቼ ለፈጣሪ ሻማ ያበራሉ። ቄስ ሲታመም ግን ሌላ ነው። ለቅዳሴ ሁለት ካህንና ሦስት ዲያቆን፣ አምስት ሰው ግድ ነው። የዋርሳዬ ደብር ያሉት ካህናት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውና ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት። ከሁለቱ አንዱ ከተኛ ቅዳሴ ይታጎላል። በፋሲካ ታጎለ። ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ ገደል ወርዶ፣ ሌላ ደብር ሄዶ አስቀደሰ። ከዚያ ወዲህ ወሬ ተነሣ። «በዓል እየጠበቀ የሚይዝ ወባ ምን ዓይነት ወባ ነው? ቄሱ የደበቁት ነገር ቢኖር ነው» ተባለ። የሰበካው ሽማግሌዎችም ተሰብስበው፣ በኅዳሩ ንግሥ ደግሞ ቅዳሴ ከታጎለ ሌላ ቄስ እናመጣለን፣ እሳቸውም ደብሩን ይልቀቁ ብለው ቆረጡ። አባታቸውና አያታቸው ያገለገሉበት፣ የተቀበሩበትም ደብር ነው።

ይህን የነገሩን ትኩሳቱ በረድ ሲልላቸው ነው።

«ሕመሙን እችለዋለሁ» አሉ ለእህታቸው። «ኃጢአቱን ፈልጌ አጣሁት እንጂ። ሦስት ጊዜ ንስሐ ገባሁ። የሠራሁት ሲያልቅብኝ ያልሠራሁትን ልናዘዝ ምንም አልቀረኝ።»

ሚስቴ ምንጣፉን ወደ ቦታው መለሰችው። ሲነጋ ይዘናቸው ጤና ጣቢያ ሄድን።

ነርሷ ወጣት ናት። ሦስቱንም ጊዜ ያከመቻቸው እሷ ስለሆነች ገና ከበሩ አወቀቻቸው። መስቀላቸውን ተሳለመች፤ ጣታቸውን ወጋች፤ ደሙን ወደ ላብራቶሪ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ያው ነው፣ ቫይቫክስ የሚባለው። አባ፣ ባለፈው የሰጠሁዎትን የአሥራ አራት ቀኑን ክኒን ጨርሰውታል?»

«አንድ ሳላስቀር፣ ልጄ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ካህን ነኝ እኮ!»

እስክሪብቶዋን ጥርሷ ላይ መታ መታ አደረገች። «እንግዲያው ወይ አዲስ ትንኝ ነክሳዎታለች፣ ወይ ጉበትዎ ውስጥ ያለው አልወጣም።»

እኔ ጉበት የማውቀው በሚጥሚጣ ነው። ወባም የደም በሽታ ይመስለኝ ነበር። «ወባ ጉበት ውስጥ ምን ይሠራል?» አልሁ።

ወንበሯን ወደ ዋርሳዬ አስጠጋች። «ወባ ሁለት ቤት አለው፣ አባ። ትንኟ ስትነክስዎ ተውሳኩ ከምራቋ ጋር ይገባል። ደም ውስጥ አይቆይም፤ እርስዎ እጅዎን አክከው ሳይጨርሱ ጉበት ይደርሳል። እዚያ አንዱ ተባዝቶ ብዙ ሺህ ይሆንና የገባበትን አፍርሶ ወደ ደም ይፈሳል። የሚያንቀጠቅጥዎ ይሄ ነው። የእርስዎ ዓይነቱ ወባ ግን ሌላ ተንኮል አለው። ከገቡት መካከል ጥቂቶቹ አይባዙም። ጉበት ውስጥ ይተኛሉ።»

«ስንት ቀን?» አሉ ዋርሳዬ።

«ሳምንታት። ወራት። አንዳንዴ ዓመት ሊደርስ ይችላል። ከዚያ አንዱ ይነቃና እንደ አዲስ ይጀምራል።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ሳይበላ ሳይጠጣ?»

«አድፍጦ።»

«አባ» አልኋቸው፣ «ጉበትዎ ውስጥ ባሕታዊ ገብቷል ማለት ነው። ዋሻውን ከውስጥ ዘግቶ ተቀምጧል።»

«ዝም በል፣ አንተ ቀልማዳ! ባሕታዊን ከወባ ጋር ታነጻጽራለህ?» አሉና፣ ቀስ ብለው ወደ ነርሷ ዞሩ። «ተኝቶ ሳለ በደም ምርመራ አይታይም?»

«አይታይም። ደም ውስጥ የለማ። የሦስት ቀኑ ክኒን ደም ውስጥ ያለውን ይጠርጋል፤ ለዚህ ነው ቶሎ ተሻለኝ የሚሉት። የተኛውን ግን አይነካውም። እሱን የሚያገኘው ይሄ የአሥራ አራት ቀኑ ነው።»

ዋርሳዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያስ በፋሲካ የወደቅሁት በኃጢአቴ አይደለም?» ሲሉ ጠየቁ።

ነርሷ ከፊቷ ያለውን ሰው ያን ጊዜ ያየችው መሰለኝ። «ያን እኔ አላውቅም፣ አባቴ» አለች። «ወባው ግን ፋሲካን አያውቅም። ቀኑ ደረሰና ነቃ።»

የሦስት ቀኑን ለብቻ፣ የአሥራ አራት ቀኑን ክኒኖች ደግሞ በወረቀት ፖስታ አድርጋ፣ በላዩ ላይ «በቀን አንድ፣ ጠዋት ከቁርስ በኋላ» ብላ ጽፋ ሰጠቻቸው። ሽንታቸው እንደ ጠላ ከጠቆረ ግን ወዲያው አቁመው እንዲመጡ ነገረቻቸው።

በሦስት ቀን ተነሡ። ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ በየቀኑ ይቀደሳል፤ ቅዳሴው የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ሕፃናት እንኳ አፋቸውን አይከፍቱም። ሚስቴ ሳይጠነክሩ ወደ ደብራቸው አይወርዱም ብላ ስለያዘቻቸው፣ ዋርሳዬ ብርታት ሲያገኙ በከተማው ደብር ከካህናቱ ጋር እየቆሙ ማገልገል ጀመሩ። ፊታቸው ተመለሰ፤ እኔን መስደብም ጀመሩ፤ የመዳን ምልክት አድርገን ወሰድነው።

ጾሙ በገባ በስድስተኛው ቀን ሚስቴ ነጠላቸውን ልታጥብ ስታነሣ ከጫፉ ቋጠሮ አገኘች። ፈታችው፤ ፖስታው ነው። ክኒኖቹን ትሪ ላይ ዘርግታ ቆጠረቻቸው፤ ደግማ ቆጠረቻቸው። ዋርሳዬ ከቅዳሴ ሲገቡ ትሪውን ፊታቸው አስቀመጠችው።

«አባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ክኒን ነዋ።»

«እስከ ዛሬ ዘጠኝ መጉደል ነበረበት። የጎደለው ሦስት ነው።»

«ሐምሌ ሳለ ሦስት ዋጥሁ። ከዚያ ጾም ገባ።»

«ክኒን ቅቤ አለው እንዴ?» አልሁ እኔ።

«አንተ የተማርህ፣ ወረቀቱን አንብበው! ምን ይላል?»

«‹ጠዋት ከቁርስ በኋላ› ይላል።»

«ዛሬ ቁርስ በልቻለሁ?»

«አልበሉም።»

«እንግዲያው ከምን በኋላ ልዋጠው?»

ሃያ አምስት ዓመት ተማሪ ስፈትን እንዲህ ያለ መልስ ገጥሞኝ አያውቅም። ስሕተት ነው፤ ነጥብ የሚቀነስበት ቦታ ግን የለውም።

ሚስቴ ግን እንደ መርማሪ ፖሊስ ቀጠለች። «ረቡዕና ዓርብስ?»

«ቁርስ የለም።»

«ሰሞነኛ ሲሆኑስ?»

«ተራው ደርሶት የሚቀድስ ካህን ቁርስ ሲበላ የት አይተሻል? አዛውንቱ ካህን ስለደከሙ ደግሞ ተራው ሁሉ የኔ ነው።»

«የጥር ወሩን ክኒን በስንት ቀን ጨረሱት?»

ጣቶቻቸውን ቆጠሩ። እጃቸው አልበቃ አላቸው። «ቁርስ የበላሁ ቀን እየዋጥሁ ሰነበትሁ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልጨርስ ብዬ፣ የቀሩትን ሦስቱን በቅበላ ዕለት አንድ ላይ ዋጥኋቸው። ሆዴን ቆረጠኝ፤ ሥጋው የቆረጠኝ መስሎኝ ነበር።»

ሳቄን ልውጠው ሞከርሁ፤ በአፍንጫዬ ወጣ። ሚስቴ አልሳቀችም። «የንስሐ ልጆችዎ ሲታመሙ ‹ሕሙም ጾም የለበትም፣ ብላ፣ መድኃኒትህን ዋጥ› የሚሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ለሰው መፍቀድ ቀላል ነው» አሉ። ቀና አላሉም። «እኔን አሁንም ኃጢአተኛ ነው ይሉኛል። ጾም የሚሽር ቄስ የሚል ልጨምርላቸው?»

ሳቄ ያን ጊዜ ቆመ። እኒህ ሰው ሦስት ጊዜ ነርሷን «ጨርሻለሁ» ያሏት እውነታቸውን ነው። አሥራ አራት ክኒን ተሰጣቸው፤ አሥራ አራት ዋጡ። ክኒኑ ከመሐል በጠፋ ቁጥር ግን የተኙት ትራሳቸውን አገላብጠው ተኝተዋል።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ገና እህል ሳይቀምሱ፣ እየጎተትን ወሰድናቸው። ነርሷ ታሪኩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፖስታውን ወስዳ የራሷን ጽሑፍ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባ» አለች። «ቄስ መሆንዎን እያወቅሁ፣ መስቀልዎን ተሳልሜ ሳልጨርስ ‹ከቁርስ በኋላ› ብዬ ጻፍሁ። እኔም እኮ ዛሬ ጾመኛ ነኝ፤ ምን ነክቶኝ ነው?»

«ታዲያ በጾም ይዋጣል?»

«ጠዋት መሆኑ ግድ አይደለም። ግዱ በየቀኑ መሆኑ ነው፤ ሳይዘለል፣ ምግብ ሆድ ውስጥ ሲኖር። አሁን ግን እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው። ያለፈው አይቆጠርም።» አዲስ ፖስታ አውጥታ በትልልቁ፣ «በየቀኑ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከምግብ ጋር» ብላ ጻፈች።

ዋርሳዬ ፖስታውን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አነበቡት። «እንዲህ ብትይኝ ኖሮ» አሉ፣ «እኔም ፋሲካዬን በቀደስሁ።» ቁጣ አልነበረበትም። ነርሷ ግን ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሳቸውም አይተው ነው መሰለኝ መስቀላቸውን አንሥተው ግንባሯን ባረኩ። «አንቺ የጻፍሽው ልክ ነበር፣ ልጄ። አንብቦ ዝም ያለው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አራት ቀናት የሚስቴ አገዛዝ ነበሩ። ዋርሳዬ ከቅዳሴ ሲገቡ የሽምብራ ሽሮ ይቀርባል፤ አምስት ጉርሻ እስኪያልፍ ትቆጥራለች፤ ከዚያ ክኒኑ በመዳፏ ይመጣል። ውጠው አፋቸውን ከፍተው ያሳያሉ። ምላሳቸውን አንሥታ ሥሩን ሳታይ ቀርታለች ብል ዋሸሁ። ቄስ ናቸው ብላ «እርስዎ» እያለች፣ እንደ ሕፃን «አፍዎን ይክፈቱ» ስትላቸው መስማት ለኔ ድግስ ነበር።

«የተኙት ዛሬ ምን ይላሉ?» እላቸዋለሁ።

«አንተን ውሰድልን ይላሉ።»

ጾሙ ተፈታ፤ ክኒኑም አለቀ። ሽንታቸው አልጠቆረም፤ ሆዳቸው አልቆረጣቸውም። ነርሷ አጎበር ሰጥታ ሸኘቻቸው። «የድሮው ቢወጣ እንኳ አዲስ ትንኝ አለች፤ ከሥሩ ሳይገቡ እንዳይተኙ» ብላ አስማለቻቸው። የቀረው መጠበቅ ነው። ጉበት ደጁን አንኳኩተው «ማን አለ?» የሚሉት ቤት አይደለም።

መስቀል ካለፈ በኋላ እሳቸውን ሳላማክር ዝቋላ ወረድሁ። ሽማግሌዎቹን ላስረዳ ነው። የሰበካው ሊቀመንበር እድሜ ጠገብ ገበሬ ናቸው፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጠው ጠበቁኝ። የጉበቱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ፈጣሪ ምስክሬ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርሁም። በሕይወቴ ያላጋነንሁት ንግግር እሱ ብቻ ነው።

በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣና ተነጋገሩ። እኔ ከኽምጣና የማውቀው ምግብና ስድብ ብቻ ነው፤ ከተናገሩት ውስጥ ምግብ አልነበረም።

«አንተ» አሉኝ ሊቀመንበሩ፣ «አምና ተከዜን ስሻገር አዞ የተማሪ ውጤት የያዝሁበትን ደብተር በላብኝ ያልኸው አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እውነት ነበር?»

«ደብተር ነበረኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቁም። «አሁን ደግሞ የማይታይ ነገር ጉበት ውስጥ ዓመት ይተኛል ትለናለህ። ያየው የለ፣ በምርመራ አይገኝ። ምስክሩ አንተ! ቄሱን ለማዳን ብለህ እንደሆን ደግ ነው፤ ሐሰት ግን ሐሰት ነው።»

ዕድሜ ልኬን የዘራሁትን ማጨድ ነበረብኝ፤ ያጨድሁት ግን በዋርሳዬ ማሳ ነው። ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ከደጀ ሰላሙ በታች የሊቀመንበሩ ማሽላ አለ፤ ከመሐሉ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ብቅ ብሏል።

«ያ አቀንጭራ ነው?» አልሁ።

«ምን ልታደርግ?»

«ባለፈው ዓመት አልነቀሉትም?»

«እንዴት አልነቅልም? አንድ ሥር አላስቀረሁም።»

«ታዲያ ዘንድሮ ከየት መጣ?»

«ዘሩ አፈር ውስጥ ይተኛላ! ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይተኛል። ማሽላው ሲዘራ ይነ...» አሉና ቆሙ። ወደ ማሽላው አዩ። ወደ ጓደኞቻቸው አዩ።

«ያ ሦስት ቀን የሚዋጠው» አሉ በመጨረሻ፣ «ከላይ ያለውን መንቀል ነው?»

«አዎን።»

«ቄሱም ከሥር ያለውን ይዘው ኖረዋል።»

«ያለ ኃጢአታቸው» አልሁ።

ጢማቸውን ዳሰሱ። «እኔ አቀንጭራን ከአባቴ ተረክቤ እስከ ዛሬ ነቅዬ አልጨረስሁም። አንተ በአሥራ አራት ክኒን ነቀልነው ትለኛለህ። እስከ ኅዳር እንጠብቃለን። ግን ሕዝቡ ሁለተኛ ያለ ቅዳሴ አይመለስም፤ ለንግሡ ከጎረቤታችን ከፃግብጂ አንድ ቄስ ጠርተን በተጠንቀቅ እናቆማለን።» ከዚህ በላይ ልለምን አልደፈርሁም።

ኅዳር ደረሰ። ሚስቴና እኔ ለንግሡ ወረድን። ጥቅምት ያለ ትኩሳት አልፏል፤ እኛ ግን በየቀኑ ስንሰጋ ከርመናል። ሚስቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫዋ ትነሣ ነበር። ማለዳ ቅጥሩ ስንደርስ የፃግብጂው ቄስ ደጀ ሰላሙ ላይ ልብሰ ተክህኖውን ጠቅልሎ ይዞ ተቀምጧል፤ ትሑት፣ ያፈረ የሚመስል ጎልማሳ። ሰው ሁሉ አንዴ እሱን፣ አንዴ የመቅደሱን በር ያያል።

ዋርሳዬ ወጡ። ከወንዶች በኩል ቆሜ አየኋቸው፤ ግንባራቸው በላብ ያብረቀርቃል። የቆላ ሙቀት ነው? የሚነሣው ትኩሳት ነው? ድምፃቸው አንድ ቦታ ላይ ተሰነጠቀ፤ መላው ምእመን ትንፋሹን ያዘ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጠሉ። እኔ ቅዳሴውን አልሰማሁም፤ ጉልበታቸውን ነው ስመለከት የዋልሁት።

ቅዳሴው ሳይታጎል አለቀ።

ከበሩ ቆመው ሕዝቡን በመስቀል ሲያሳልሙ ሚስቴ ተሰለፈች። መስቀሉን ተሳለመች፤ ከዚያ ጉንጯን በእጃቸው ጀርባ ላይ አሳረፈች፣ ከሌላው ምእመን ጥቂት አስረዝማ። ስትመለስ ዓይኗ እርጥብ ነበር። «ቀዝቃዛ ነው» አለችኝ።

ሊቀመንበሩ መጥተው ለዋርሳዬ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። የፋሲካውን ወሬ አላነሡም፤ ማንሣትም አላስፈለጋቸውም። እንግዳው ቄስ ጥቅልሉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሊሄድ ተነሣ።

«ወንድሜ፣ አይሂዱ» አሉ ዋርሳዬ።

ሊቀመንበሩ ተገረሙ። «እርስዎ ቆመው ቀደሱ። እሱ ምን ይሠራልናል?»

«ዛሬ ቆምሁ። ጉበቴን ግን ከፍቼ አላየሁትም፤ ወንዙም ትንኝ አላጣም። በፋሲካ እኔ ብቻ አይደለሁም የወደቅሁት፤ ሁለት ብቻ በመሆናችን ደብሩም አብሮኝ ወደቀ። ሦስት ከሆንን አንዱ ቢታመም ይተኛል፣ በሩ ግን አይዘጋም።»

ሊቀመንበሩ አሰቡ። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረው በኽምጣና ጥቂት ቃል ጣሉ። ሰውዬው ሳቀና ጥቅልሉን መልሶ አስቀመጠ።

«ምን አሉት?» አልኋት ሚስቴን።

«‹መጪው ሰሞን ያንተ ነው› አሉት።»

በዚያ ሳምንት ቅዳሴውን እንግዳው ከአዛውንቱ ካህን ጋር ቀደሰ። ዋርሳዬ ማሽላቸውን አጨዱ።